ሳይታጠብ አይላክም

ይህ ነገር የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን፣ ሰቆጣ አስተማሪ ሆኜ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ትናንት ማታ ምን በላህ ብትሉኝ እንኳ ባለቤቴን ጠርቼ ነው የምጠይቃት። ያን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን አልረሳሁትም። ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን ስለምስቅ ቤተሰቦቼ «ደግሞ ጀመረው» ይላሉ። ብቻዬን ከምስቅ ለእናንተም ላካፍላችሁ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ሰቆጣ መመደቤ ሲሰማ እናቴ እንደሞተ ሰው አልቅሳ ሸኘችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍኩት እያኮረፍኩ ነበር። ከተማው ድንጋይ፣ አቧራና ፍየል ብቻ ሆኖ ታየኝ። በሁለተኛው ዓመት በበጋ አንዳንዴ ብቅ የሚል የጭነት መኪና ሹፌር አንድ አሮጌ ካሜራ ከአንድ ጥቅል ፊልም ጋር ሸጠልኝ። ለምን እንደገዛሁት አላውቅም፤ ኩርፊያ የማያስገዛው ነገር የለም።

ካሜራው ጥቁር ሳጥን ነው። እንደ ዘንድሮው ዓይን ላይ አይለጠፍም። ሆድ ላይ ይያዝና ከበላዩ ባለች ትንሽ መስታወት ውስጥ አጎንብሶ ይታያል። መንገድ ዳር ቆሜ ሳጎነብስ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ሆዴን የቆረጠኝ እየመሰለው «እግዜር ይማርህ» ይለኝ ነበር። አንዲት ሴትዮ ደግሞ እየደጋገሙ ኮሶ እንድጠጣ መክረውኛል።

በዚያች መስታወት ውስጥ ያየሁት ሰቆጣ ግን እኔ ያኮረፍኩት ሰቆጣ አልነበረም። ጨው ጭኖ የመጣ ግመል ገበያ መሀል ተንበርክኳል፤ ባለቤቱ ሆዱን ተደግፎ ተኝቷል፤ ሁለቱም አፋቸውን የከፈቱት እኩል ነው። ፍየል የድንጋዩ ቤት ጣራ ላይ ወጥታ መንገደኛውን እንደ ዳኛ ቁልቁል ታየዋለች። ማር ሻጩ ንብ አፍንጫው ላይ አርፋበት ዓይኑን ሳያርገበግብ ዋጋ ይከራከራል። ንፋስ የቄሱን ጥላ ገልብጦባቸው እሳቸው ከነክብራቸው የተገለበጠውን ጥላ ይዘው ይሄዳሉ። ይህን ሁሉ ዓመት ሙሉ በአጠገቡ ሳልፍ አላየሁትም። አሁን ግን ጠዋት ስነሳ ዛሬ ደግሞ ምን አይ ይሆን እያልኩ መቸኮል ጀመርኩ።

ፊልሙ የሚያነሳው አስራ ሁለት ፎቶ ብቻ ነው። ሌላ ፊልም በአካባቢው የለም። ስለዚህ አንዷን ለማንሳት ሳምንት እያሰብኩ፣ እየሰሰትኩ፣ ግንቦት ሲገባ አስራ አንዱን ጨረስኩ።

ችግሩ ቃሉ ላይ ነበር። ተማሪዎቼ በየቤታቸው «አስተማሪያችን ዛሬ ግመል አነሳ» እያሉ ያወራሉ። የከተማው ሰው የፎቶ መሆኑ ገብቶታል። ወሬው ገጠር እስኪደርስ ግን «ፎቶ» የምትለዋ ነገር መንገድ ላይ ወድቃ ቀረች። በዚያ አገር ብዙው ሰው እቤቱ የሚናገረው ኽምጣንጋ ነው፤ አማርኛ የገበያና የዳኛ ፊት ቋንቋው ነው። ገበያም ዳኛ ፊትም ደግሞ ማንሳት ማለት ማንሳት ነው።

አንድ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ግራዝማች ኪሮስ የሚባሉ ሽማግሌ ይፈልጉሃል ተብዬ እህታቸው ቤት ሄድኩ። የተማሪዬ የብርቅነሽ አባት ናቸው። ቤታቸው በደሃና በኩል፣ ከሰቆጣ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እንደገባሁ ተነሱና ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ያኔ ቀጭን ነበርኩ፤ ቀበቶዬ ሁለት ዙር ይዞረኝ ነበር።

«ግመል ያነሳኸው አስተማሪ አንተ ነህ?»

«አዎ ግራዝማች፣ እኔ ነኝ» አልኩ በኩራት።

ክንዴን ያዝ አድርገው ጨመቁት። «በየት በኩል ነው ያነሳኸው?»

«ከጎን ነው።»

«ከነጨው?»

«ከነጨው!» አልኩ። ጨውም ጥሩ ሆኖ እንዲታይ ብዙ ተጨንቄበት ነበር።

ግራዝማች ወደ እህታቸው ዞር ብለው በኽምጣንጋ አንድ ነገር ተናገሩ። እህታቸው አማተቡ። እኔም አድናቆት መስሎኝ አንገቴን ዝቅ አደረግኩ።

የጠሩኝ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ባለቤታቸው በወሊድ ሞተውባቸው ያለቻቸው ልጅ ብርቅነሽ ብቻ ናት። አክስቷ ዘንድ ሰቆጣ ተቀምጣ ስምንተኛ ክፍል ትማራለች። ጎረቤት «ሴት ልጅ ፊደል ቆጥራ ማን ላይ ልትቀድስ ነው?» ሲላቸው «እናቷን ያጣኋት የሚያክም ጠፍቶ ነው፤ ይህቺ ታክማለች» ብለው አፉን ያስይዙታል። በዚያ ዓመት ደሴ ያለ የድሬሰርነት፣ ማለትም የሐኪም ረዳትነት፣ ትምህርት ቤት ተማሪ ይቀበላል የሚል ማስታወቂያ መጣ። ቅጹን ሞልቼላታለሁ፤ ማርኳ ያኮራል። የቀረው ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። እስከ ሰኔ ሚካኤል ያልደረሰ ማመልከቻ አይታይም ይላል። ካሜራ ያለኝ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ፤ በውስጡም የቀረችው አንዲት ፎቶ ናት።

«አይጨነቁ ግራዝማች፤ ብርቅነሽን እኔው አነሳታለሁ» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለዋወጠ። ወንደላጤ ሆኖ የሰው ልጃገረድ «አነሳለሁ» ማለት ምን እንደሚያስከትል ያገሬ ሰው ያውቀዋል። ዱላቸውን ከግራ እጃቸው ወደ ቀኝ አዛወሩት።

«እንደምታነሳትስ አልጠራጠርም» አሉ ቀስ ብለው። «ግመል ያነሳ ሰው እሷ አታቅተውም። እኔ የምጠይቅህ፣ አንስተህ የት ልትወስዳት ነው?»

ያኔ ነገሩ ገባኝ። በአፍ ማስረዳቱን ትቼ ካሜራውን አቀረብኩና መስታወቷን እንዲያዩ ለመንኳቸው። በቅሏቸው አጥሩ ስር ታስራ ነበር። ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና ብለው በቅሎዋን አዩ። እንደገና ጎንበስ አሉ።

«አሳነስካት!» አሉ። «ወደ ልኳ ትመለሳለች?»

ከልኳ ፈቀቅ እንዳላለች ማልኩላቸው። ትንሽ ተረጋጉና ካሜራውን ራሳቸው ይዘው ግቢውን ያስሱ ጀመር። ዶሮዎቹን አዩ። የተሰጣውን በርበሬ አዩ። ከዚያ ገብስ ወደሚያበጥሩት እህታቸው ዞረው ብዙ ቆዩ። «እናንተ፣ ይህቺ እኮ ቆንጆ ሴት ናት!» አሉ። እህታቸውም ሰፌዱን ሳያስቀምጡ «አርባ ዓመት እህትህ ሆኜ ዛሬ ገና አየኸኝ?» አሏቸው። ሳጥኑን ከእጃቸው ለመቀበል መለመን ነበረብኝ።

ሁለተኛው ጣጣ «ጉርድ» የምትለው ቃል ናት። ከደረት በላይ ብቻ ማለት ነው ብዬ አስረዳሁ።

«የቀረውስ?»

«የቀረው አይፈለግም ግራዝማች።»

«እኔ ጎዶሎ ልጅ አልወለድኩ! በእግሯ ቆማ ነው የምታክመው ወይስ በደረቷ?»

ለካ ነገሩ ሌላ ነው። ለፎቶው ብለው ከገበያ አዲስ ሸራ ጫማ ገዝተውላታል። ጫማው ካልታየ ምኑ ፎቶ ሆነ? እኔ ደንቡ ነው እላለሁ፤ እሳቸው ጫማው አዲስ ነው ይላሉ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች፣ እኔም ተስፋ እየቆረጥኩ ሳለ በሩ ላይ ቆማ ስታዳምጠን የነበረችው ብርቅነሽ ጫማዋን አወለቀችና እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቀፈችው። አባቷ ደስ አላቸው። እኔም ደሴ ያሉት ሰዎች የሚሉትን ይበሉ ብዬ አነሳኋት።

ፊልሙን አውጥቼ በወረቀት ጠቀለልኩት። ግራዝማች በማግስቱ በቅሏቸውን ጭነው ኮረም ይሄዳሉ፤ እዚያ ለማውቀው ሹፌር ፊልሙንና ቅጹን ይሰጡታል፤ ደሴ ያለ ፎቶ ቤት አጥቦ ሲያወጣው ሹፌሩ ከቅጹ ጋር ለድሬሰር ትምህርት ቤቱ ያደርስልናል። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ይታጠባል?» አሉ። «ቆሽሿል እንዴ?»

«ካልታጠበማ ምንም አይታይም።»

«ለመታጠብ ደሴ ድረስ? ሰቆጣ ውሃ የለም ወይ?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ እኔ ግን ሳቄን ጨርሼ ተሰናብቼ ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ የማስረዳ ሰው፣ ማስረዳት የነበረብኝን አንዱን ነገር ሳላስረዳ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ ትምህርት ሲያልቅ ካሜራዬን እንዳመሌ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ምንጩ ወረድኩ። ባዶ ቢሆንም በመስታወቷ ማየት ሱስ ሆኖብኛል። አጎንብሼ ወደ ውሃው ሳዞራት በጣም የሚያምር ነገር አየሁ። አንድ ሽማግሌ ኩታቸውን ቁጥቋጦ ላይ ሰቅለው፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው፣ የእንዶድ አረፋ ክንዳቸውን አልብሷቸው፣ አንድ ረዥም ቀጭን ነገር ያሻሉ። ፀሐይ ከኋላቸው ስለሆነች አረፋው ያበራል። ሰውዬው ሲያሹ የንስሐ ያህል ተመስጠዋል። «ሰው ቀበቶውን ሲያጥብ እንዲህ ያምራል!» ብዬ ቁጥቋጦው እንዲገባልኝ ወደ ግራ ሁለት እርምጃ ሄድኩ።

ሰውዬው ያን ነገር ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ዘረጉት። ቀበቶ አልነበረም። ሰውዬው ግራዝማች ኪሮስ ነበሩ።

«እንኳን መጣህ!» አሉኝ ፊታቸው በደስታ በርቶ። «ልጣጩን ልጬ ጣልኩት። የውስጡ እድፍ ግን ያስቸግራል! በፈላ ውሃ ዘፈዘፍኩት፤ እንዶዱን ሁለቴ አስወቀጥኩ። ብታይ እንደ ንፍጥ ነው የለቀቀው። እየው፣ አሁን አንድ ነጥብ የለበትም።»

ተቀበልኩና አየሁት። እውነትም አንድ ነጥብ የለበትም። መስኮት አድርገው ቢገጥሙት ይሆን ነበር፤ ወዲያ ማዶ ያለው ተራራ በውስጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«የልጄ መልክ አይደል?» ቀጠሉ። «ሳይታጠብ አይላክም። ደሴዎች 'የዋግ ሰው እድፉን ላከብን' ይሉናል ብዬ ነው መንገዴን በአንድ ቀን ያዘገየሁት።»

ልፋቱን ውሃ በላው ሲባል እሰማ ነበር፤ በቁሙ ሲበላው ያየሁት ያን ቀን ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚለው ተረት ምላሴ ጫፍ ላይ መጣና ዋጥኩት። እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በኋላ ሳስበው እሳቸው ምን አጠፉ? ፎቶ ወደ አማርኛ ሲገባ የራሱ ቃል ስላልነበረው ከተሸካሚው «ማንሳት»ን፣ ከልብስ ሰፊው «ጉርድ»ን፣ ከአጣቢዋ «ማጠብ»ን ለምኖ ነው የገባው። የለመነውን ቃል ደግሞ ባለቤቱ ቢወስደው አይፈረድበትም።

ፊልም ብርሃን ሲነካው ምን እንደሚሆን፣ በጨለማ ክፍል በመድኃኒት እንደሚታጠብ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ብርቅነሽ የት ሄደች?» አሉ።

እሳቸው አረፋውን ይዞ የሚወርደውን ውሃ በዓይናቸው ተከተሉት።

«ውሃው ወሰዳት በለኛ» አሉና አጠገቤ ተቀመጡ። እጃቸው ላይ አረፋው አልደረቀም። «እናቷን ማዳን አቃተኝ። የእሷን እድል ደግሞ በገዛ እጄ አጠብኩት።»

እስካሁን የምስቅበት ታሪክ ነው ብያለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አልስቅም። ሽማግሌ ሰው እንደዚያ ሲሰበር ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር። አንዲት ፎቶ ብቻ ያስቀረሁት እኔው ነኝ፤ ማስረዳት የነበረብኝም እኔው ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ብርቅነሽ እንስራዋን አዝላ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ እንዲህ ሆነን አገኘችን። ምን እንደሆነ ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ፊልሙን ከእጄ ወስዳ በውስጡ አባቷን አየቻቸው። ከዚያ እንስራዋን እስክታወርድ ድረስ ሳቀች።

«አባዬ፣ የታጠበው ፎቶው ነው፤ እኔ መች ታጠብኩ? ይኸው ቆሜ የለ?»

ግራዝማች ቀና ብለው አዩዋት። ትናንት በቅሎዋን እንዳዩዋት ነው ያዩዋት፤ አንዴ እሷን፣ አንዴ ውሃውን፣ እንደገና እሷን።

«እውነቷን እኮ ነው» አሉ። «ራሷ እያለች ምስሏን ምን ያደርጉታል?»

እኔ «ግን እኮ ደንቡ፣ ቅጹ ላይ...» ማለት ጀምሬ ነበር። እሳቸው ኩታቸውን ከቁጥቋጦው አንስተው ዳገቱን ጀምረውታል። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እሷ በቅሎ ላይ፣ እሳቸው በእግር፣ ቅጹ በአገልግል ውስጥ ሆኖ የኮረምን መንገድ ተያያዙት።

ሳምንት አለፈ፤ ሁለት ሳምንት አለፈ። ሰኔ ሚካኤል መጣና ሄደ። ወሬ የለም። ምንጩ አጠገብ ማለፍ ትቼ በዙሪያ መሄድ ጀመርኩ። ልጅቷ ሳትገባ ብትቀር የሰቆጣ ሰው ምን ይለኛል ሳይሆን እሷ ምን ትለኛለች የሚለው ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

አንድ ቀን ግራዝማች ብቻቸውን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። ሸሽቼ ክፍል ልገባ ነበር። እሳቸው ግን ገና ከሩቅ ይስቁ ነበር።

ደሴ ቢሮው ሲደርሱ ጸሐፊው ቅጹን አገላብጦ «ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍስ?» ይላቸዋል። ብርቅነሽን በትከሻዋ ገፋ አድርገው «ይቻትና» ይሉታል። «አባቴ፣ ሁለት ነው የሚለው።» «ሁለት ከየት ላምጣልህ? ያለችኝ አንዲት ናት። እሷንም ሳልጎርድ ነው ያመጣሁልህ!» ጸሐፊው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት አለቃውን ጠራ። አለቃው የእንዶዱን ታሪክ ከሥሩ አስነገራቸው። ቀጥሎ ሌላው ቢሮ ተጠርቶ መጥቶ እንደገና አስነገራቸው። በመጨረሻ አለቃው ማርኳን አይቶ «አባቴ፣ እዚህ ታች ፎቶ ቤት አለ፤ ተነሥታ ትምጣና እንቀበላታለን» አላቸው። ተነሣች፤ ተቀበሏት። ከፎቶ አንሺው ጋር ስለ ጫማው የነበረውን ክርክር ለሌላ ጊዜ ልተወው።

ከኩታቸው ጫፍ አንድ ነገር ፈተው ሰጡኝ። አዲስ ጥቅል ፊልም ነበር።

«ገና ያልቆሸሸ ነው ብለውኛል» አሉኝ።

ብርቅነሽ ድሬሰር ሆና ወደዚያው አገር ተመልሳ ስንቷን እናት እንዳዋለደች ቁጥሩን እሷም አታውቀውም። እኔም ያን ፊልም ጨርሼ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ እያልኩ ይኸው እስከ እርጅናዬ ካሜራ ከእጄ አልወጣም። ያኮረፍኩበት አገር ከሁሉ ይበልጥ ያነሳሁት አገር ሆኗል። አልጋዬ ስር ያለው ካርቶን ፎቶ ሞልቶታል፤ ባለቤቴ ቦታ ያዘብኝ እያለች ትነጫነጫለች። ስለዚያ ስለታጠበው ፊልም አንድ ቀን እንኳ ተናድጄ አላውቅም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያቺ በመስታወቷ ውስጥ ያየኋት፣ ሽማግሌው አረፋ ለብሰው የልጃቸውን መልክ በእንዶድ ሲያሹ፣ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ የምትበልጠው ፎቶ እሷ ናት። ካርቶኑን ሙሉ ሰጥቼ እሷን ብቀበል ደስታውን አልችለውም ነበር። ካሜራው አንገቴ ላይ ነበር፤ ብርሃኑ ልክ ነበር፤ ቁጥቋጦውም ገብቶልኝ ነበር። ፊልሙ ግን በእጃቸው ነበር።